የዝገትን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

ዲትሮይት የምትታወቀው በመኪና ነው። ፎርድም፣ ጄኔራል ሞተርስም፣ ክራይስለርም ያደጉት በዚያችና በዙሪያዋ ነው። ከከተማዋ ሥር ያለውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከመንገዶቹና ከቤቶቹ በታች 350 ሜትር ገደማ ሲወረድ ሰፊ የጨው ማዕድን አለ። ወደ ጨው የሚያደርሰው ጉድጓድ መቆፈር የተጀመረው በ1906 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከዚያ የሚወጣው ጨው በአብዛኛው ለወጥ አይደለም። በብርድ ወራት አስፋልት ላይ ተበትኖ በረዶ እንዲያቀልጥ ነው። ልብ በሉ፤ ከላይ መኪና የሚሠራ ከተማ ከሥሩ መኪና የሚበላውን ነገር ያወጣል ማለት ነው።

የዝገት መከላከያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ኬሚስትሪ ታሪክ ነው። ሰው አላወቀም ነበር፣ ተመራመረ፣ መድኃኒቱን አገኘ፣ ችግሩ ተፈታ። ሲነገር ደስ ይላል። ዓመታቱን በተርታ ስናስቀምጣቸው ግን ነገሩ እንደዚያ ሆኖ አይገኝም። መድኃኒቱ መኪና ከመፈጠሩ በፊት ይታወቅ ነበር። ያም ሆኖ በ1950ዎቹ፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ቁጥር ስፍር የሌላቸው መኪኖች ሞተራቸው ገና ሳይደክም ሆዳቸው ተበሳ። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ያልተቆረጠው ነገር ሂሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ዝገት ራሱ ትንሽ እንበል። ብረት በተፈጥሮው ብረት ሆኖ መኖር አይወድም። ከመሬት ሲወጣ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ቀይ አፈርና ድንጋይ ሆኖ ነው የሚገኘው። እኛ በእሳት ኃይል ኦክስጅኑን እናስለቅቀዋለን። እሱ ደግሞ ውሃና አየር ባገኘ ቁጥር ወደ ድሮው ይመለሳል። ዝገት ማለት ይኸው መመለስ ነው። የአሉሚኒየም ዝገት ከሥሩ ያለውን ብረት አጥብቆ ሸፍኖ ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት ግን ልቅና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግም ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሳዋል። በፓራፋንጎ ላይ ቀለም እንደ ብጉር አብጦ ስታዩ ነገሩ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ መጥቶ አሁን ገና ብቅ ማለቱ ነው።

ጨው በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ምንድን ነው? ጨው ዝገትን አይፈጥርም፤ ያፋጥነዋል። የዝገት ሥራ የሚከናወነው በብረቱ ላይ በሚመላለስ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ጨው የሟሟበት ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክን ከንጹህ ውሃ እጅግ በተሻለ ያስተላልፋል። በተጨማሪም ጨው እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ጭቃው የደረቀ ሲመስል እንኳ ሥራው አይቆምም።

መከላከያው ከመርከብ ሆድ ነው የጀመረው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የእንጨት መርከቦቹን ሆድ በመዳብ ይለብጥ ነበር፤ የባሕሩ ጨው ግን መዳቡን በላው። በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ኬሚስት በመዳቡ ላይ ቁራጭ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ ጨው መጀመሪያ የሚበላው እሱን እንደሆነ አሳየ። አንዱ ማዕድን ለሌላው ቤዛ ሆነ። የሚገርመው፣ ዘዴው ከሚፈለገው በላይ ሠራ። መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም ቀድሞ የሚመርዛቸው የባሕር ተክሎችና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ተጣበቁበት፤ መርከቦቹም ፍጥነታቸው ቀነሰ። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው፤ የቤዛው ሕግ ግን ቀረ።

በ1837 ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የመለበጥን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ከጭንቅላታችን በላይ ያለው የቤት ክዳን፣ ቆርቆሮ የምንለው፣ ይኸው ዚንክ የለበሰ ላሜራ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ በብዙ ዓመቱ ነው ቀይ የሚሆነው። ቢቧጨር እንኳ በአጠገቡ ያለው ዚንክ ቁስሉን ይጠብቃል። ቀለም ይህን አይችልም፤ ቀለም ከተቧጨረ ብረቱ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

በ1906 ደግሞ ቶማስ ዋትስ ኮስሌት የተባለ እንግሊዛዊ ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ አማካይነት በፎስፌት የሚለብጥ ዘዴ አስመዘገበ። የፎስፌት ልባስ ዝገትን ይገታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀለም አጥብቆ እንዲይዝ ያደርጋል። ይህንኑ ዘዴ አሻሽሎ የሚሸጥ ፓርከር የተባለ ኩባንያ በ1915 ተቋቋመ። የት? እዚያው ዲትሮይት። እንግዲህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዚንክም ፎስፌትም ነበሩ፤ አንደኛው ከፋብሪካዎቹ ጎረቤት ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ዝገት ያን ያህል አላሳሰባቸውም። ቦዲያቸው ከእንጨት ማዕቀፍና ከላሜራ የተሠራ ሆኖ በወፍራም ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነበር። ላሜራው ቢዝግ ሻንሲው ይሸከማል። ነገሩን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የመኪናው አሠራር ነው። ሲትሮየን በ1934 ባወጣው ትራክሲዮን አቫን ላይ ሻንሲውን ትቶ ቦዲው ራሱ ሸክሙን እንዲችል አደረገ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኛው የቤት መኪና ይህንን መንገድ ተከተለ። መኪናው ቀለለ፣ ረከሰ፣ ነዳጅ ቆጠበ። ዋጋው ግን በድብቅ ቦታ ተቀመጠ። አሁን መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ከስስ ላሜራ ተጣጥፎ የተበየደ ባዶ ሳጥን ሆነ፦ ከበሮቹ ግርጌ በርዝመት የሚሄደው፣ ከወለሉ ሥር የሚያልፈው፣ ከጎማዎቹ በላይ ያለው። እነዚህ ሳጥኖች ውስጣቸው አይታይም፣ ቀለም ቀቢውም አይደርስባቸውም። ጭቃና ውሃ ግን ይደርሳል። ቀድሞ የመልክ ጉዳይ የነበረው ዝገት የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

ሁለተኛው ጨው ነው። አሜሪካ ውስጥ በመንገዶቿ ሁሉ ጨው የመበተንን ደንብ ቀድማ ያወጣችው ኒው ሃምፕሻየር ናት። ጊዜው ከ1941 ወደ 1942 የሚያሻግሩት የብርድ ወራት ነበሩ። በዚያ ወቅት በመላ አገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተበተነው ጨው 5,000 ቶን ያህል ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደረሰ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ሺህ እጥፍ ማለት ነው። በእኛ አገር ጨው ገንዘብ ነበር፤ ከአፋር ሜዳ በግመልና በበቅሎ ወጥቶ አሞሌ እየተባለ ይመነዘርበታል። እዚያ በአካፋ መንገድ ላይ ተበተነ። ማንም በክፋት አላደረገውም። በረዶ ላይ የሚንሸራተት መኪና ሰው ይገድላል፤ ጨው ርካሽ ነው፤ መንገዱ ሲጠረግ ሥራም ትምህርትም ይቀጥላል። ጥቅሙ የሁሉም ነበር። የዝገቱ ወጪ ግን በእያንዳንዱ ባለመኪና ኪስ ውስጥ ለየብቻ ገባ፤ በአንድ ደብተር ላይ ተደምሮ የሚያየው አልነበረም።

ሻጮቹ የሰጡት የመጀመሪያ መልስ ሬንጅ ነበር። መኪናው ሲሸጥ ተጨማሪ ገንዘብ ተቀብለው ሆዱን በጥቁር ሬንጅ መሰል ነገር ይረጩታል። ሲታይ ወፍራም ነው፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ገዢውም ልቡ ያርፋል። ችግሩ ሬንጅ በብርድ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም በትንሹ ይላቀቃል። በስንጥቁ የገባው ጨዋማ ውሃ መውጫ አጥቶ በሬንጁና በላሜራው መካከል ይቀመጣል። ከውጭ የታየው ጥቁር መከላከያ ከውስጥ ለዝገት ጓዳ ሆነለት። ባዶዎቹ ሳጥኖች ውስጥማ ሬንጁ ጭራሽ አልገባም።

ይህንን ያስተዋለው ከርት ዚባርት የተባለ ዲትሮይት ውስጥ የሚሠራ ትውልደ ጀርመን መካኒክ ነው። በ1959 የጀመረው ዘዴ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዝገት የሚጀምረው ከውስጥ ከሆነ መከላከያውም ከውስጥ ይግባ። በበሩና በሳጥኖቹ ላይ በተመረጡ ቦታዎች ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ረጅም ቀጭን መርጫ ያስገባል፣ ሰም መሰል ፈሳሽ በውስጥ ግድግዳው ሁሉ ላይ ይረጫል፣ ከዚያ ቀዳዳውን በክዳን ይደፍነዋል። ሰሙ አይደርቅም፣ አይሰነጠቅም፣ በብየዳው መገጣጠሚያ ውስጥ እየሰረገ ይገባል። ለሰምና ወርቅ አገር ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚያብረቀርቀው ውጭ መሆኑና ቁም ነገሩን የያዘው የተደበቀው ሰም መሆኑ ብቻ ነው። ሥራው ተስፋፋ፣ በ1960ዎቹ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ ተከፈተ።

ነገር ግን የዚባርት ስኬት ራሱ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። አንድ መካኒክ በጋራዡ ውስጥ የደረሰበትን፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉት የዓለም ታላላቅ ፋብሪካዎች እንዴት አልደረሱበትም? ደርሰውበታል። የፎርድ ኬሚስት ጆርጅ ብሩወርና ባልደረቦቹ በዚያው ዘመን ከዚያም የሚበልጥ ዘዴ ይሠሩ ነበር። ቦዲው እንዳለ በቀለም ገንዳ ውስጥ ይጠልቃል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፣ ቀለሙ በኤሌክትሪኩ ተስቦ በላሜራው ላይ ይጣበቃል። አንድ ቦታ ቀለም ሲለብስ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ያቆማል፤ ስለዚህ ፍሰቱ ገና ያልተቀባውን እየፈለገ ወደ ጓዳው ይገባል። ሰው እጁ የማይደርስበትን ኤሌክትሪክ ደረሰበት። ፎርድ ይህንን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ማዋል ጀመረ። ሆኖም ዘዴው በሁሉም ፋብሪካ እስኪዳረስና እስኪሻሻል፣ ዚንክ የለበሰ ላሜራም እስኪለመድ ድረስ ገና ሁለት አሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር። ምክንያቱም በእያንዳንዱ መኪና ላይ ወጪ ይጨምራል፤ የሚገኘው ጥቅም ግን ለፋብሪካው አይደለም። መኪናው በአምስተኛው ዓመት ቢዝግ ዋስትናው ካለፈ ቆይቷል። እንዲያውም ባለቤቱ ሌላ ይገዛል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

ለውጡ የመጣው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከተናደዱ ሰዎች ነው። በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ መኪናቸው ያለ ዕድሜው የዛገባቸው የፎርድ ባለቤቶች ተደራጁ። በሞንትሪያል የመኪና ሸማቾች ማኅበር የመሠረተው ፊል ኤድመንስተን ጉዳያቸውን ይዞ ጋዜጣና ፍርድ ቤት አንኳኳ። በ1978 የካናዳ መንግሥት የመኪና ዝገት መመሪያ አወጣ፤ ላሜራ ለምን ያህል ዓመት ሳይበሳ መቆየት እንዳለበት በዓመት ቁጥር ተቀመጠ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኖርዲክ አገሮችም የየራሳቸውን ሸማች ጠባቂ አስተባብረው ተመሳሳይ ደንብ አመጡ። ደንቡ ስለ ዚንክም ስለ ሰምም የሚያዝዘው ነገር አልነበረም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህ ዓመት በፊት ከተበሳ ሂሳቡ የአምራቹ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ትምህርቱ በላንቺያ ላይ መጣ። በ1972 የወጣችው ላንቺያ ቤታ መልከ መልካምና ፈጣን መኪና ነበረች። ነገር ግን ሞተሩን የሚሸከመው የፊት ድጋፍ ብረት በመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ ክፉኛ ይዝግ ነበር። በ1980 የእንግሊዝ ጋዜጦች ጉዳዩን ከፊት ገጽ አወጡት፤ ኩባንያው መኪኖቹን ከባለቤቶች መልሶ እየገዛ ብዙዎቹን አስጨፈለቀ። በኋላ የመጡት ላንቺያዎች የተሻሉ ቢሆኑም ስሙ አልዳነም፤ በ1994 ላንቺያ ከእንግሊዝ ገበያ ወጣ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል የሚለው የእኛ ምሳሌ ለመኪና ፋብሪካም ይሠራል።

በዚህ ታሪክ ዳር የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቃት መኪና አለች። የላንቺያ ባለቤት የሆነው ፊያት በ1966 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋውሎ በቶሊያቲ ፋብሪካ እንዲተከል አደረገ። ከዚያ በ1970 መውጣት የጀመረችው መኪና ፊያት 124ን መሠረት ያደረገችው ላዳ ናት። የጣሊያን መኪኖች የዛጉት ሶቪየቶች ዕዳቸውን በመናኛ ብረት ስለከፈሉ ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ተናፍሷል። ወሬው ይጥማል፤ ጥፋቱን ለሩቅ አገር ስለሚሰጥ። የቤታን ድጋፍ ብረት ለመረዳት ግን እስከ ሞስኮ መሄድ አያስፈልግም። ውሃ የሚያቁር ቅርጽና ስስ ልባስ ይበቃሉ። ሶቪየቶቹ በበኩላቸው ላዳን ለራሳቸው መጥፎ መንገድ ሲያዘጋጁ ቦዲዋን ከጣሊያኗ እናቷ አጠንክረው ነው የሠሯት።

ሂሳቡ ወደ አምራቹ ሲዞር ዘዴዎቹ ሁሉ ድንገት «የሚቻሉ» ሆኑ። ፖርሽ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ የ911ን ቦዲ ዚንክ ከለበሰ ላሜራ ሠርቶ የስድስት ዓመት የዝገት ዋስትና ሰጠ። አውዲ በ1985 የአውዲ 100ን ቦዲ ሙሉ በሙሉ በዚንክ ለበጠ። የኤሌክትሪኩ ቀለም ገንዳም ተሻሽሎ በየፋብሪካው ተዳረሰ። የውሃ መውጫ ቀዳዳ በየሳጥኑ ሥር ተበሳ፣ በጎማው በላይ የፕላስቲክ ሽፋን ገባ። ዛሬ በጨው አገር እንኳ አዲስ መኪና ላሜራው ተበስቶ ማየት ከቀድሞው እጅግ ቀንሷል። ሙሉ በሙሉ አልቀረም። በ2016 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖች ሻንሲያቸው በመዛጉ ምክንያት እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል የተባለ የፍርድ ቤት ስምምነት ገብቷል። ይህ የሚያሳየው ዝገት አለመሸነፉን ብቻ አይደለም። ሂሳቡ አሁን ወዴት እንደሚላክም ያሳያል።

ወደ እኛ እንምጣ። አዲስ አበባ መንገዷ ላይ ጨው አይበተንም፣ ባሕርም ሩቅ ነው፣ ከዝናቡ በኋላ ብዙ ደረቅ ወራት አሉ። ሌላ አገር ሙዚየም ውስጥ የሚታዩት ቮልሶች እዚህ ዛሬም ዳገት ይወጣሉ፤ ከሚያግዟቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ዋሽንግተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ቶሮንቶ ታክሲ የሚያሽከረክር ወገናችን ልዩነቱን በደንብ ያውቀዋል፤ እዚያ መኪና ከሞተሩ ይልቅ በሆዱ ያረጃል።

ይሁን እንጂ እኛ አገር የሚገባው መኪና ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ኖሮ የመጣ ነው። ዱባይ የኖረና የአውሮፓ በረዶ ውስጥ የኖረ፣ ዓመተ ምርታቸው አንድ ቢሆንም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ሊብሬው ላይ ይህ አይጻፍም። የሚመጣው ከነዋስትናው አይደለም፤ ካናዳዊው ታግሎ ወደ አምራቹ የመለሰው ሂሳብ ድንበር ሲሻገር ይጠፋል። ያኔ ሂሳቡ የሚወድቀው በመጨረሻው ገዢ ላይ ነው፤ ማለትም ብዙ ጊዜ አቅሙ ባነሰው ላይ።

በራሳችን ሠፈር የምንሠራውም አለ። መኪና ተጋጭቶ ላሜራው ሲበየድ ዚንኩ ይሞታል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ብረት እንዲቀልጥ ግን ከ1,400 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብየዳው ባለፈበት ሁሉ ብረቱ ከፊትም ከኋላም ራቁቱን ይቀራል። ከፊት ስቱኮ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። ከኋላ ግን ማንም አንቲረስት አላስነካውም። ስቱኮው ደግሞ ራሱ እርጥበት ይመጣል። ከሁለት ክረምት በኋላ ያ ብጉር ይወጣል፤ ያኔ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ነው። ደላላው «ቦዲው ንጹህ ነው» ሲል ብልህ ገዢ ትንሽ ማግኔት ከኪሱ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ስቱኮ በወፈረበት ማግኔት አይዝም። ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ ሆዱን ያያል፣ ከበሩ ግርጌ ያለውን ሳጥን በጣቱ ይጫናል፣ አዲስ ጥቁር ሬንጅ ካየ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ይጠራጠራል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የዝገት ቅጠሉ ደግሞ ውድ አይደለም። በላቫጆ መስኮትና ኮፈን ብቻ ሳይሆን የጎማውን ጓዳና ሆዱን ማሳጠብ፣ በበሮቹ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በስንጥር መጥረግ፣ ከብየዳ በኋላ ከፊቱ በፊት ኋላውን ማስቀባት፣ በሳጥኖቹ ውስጥ የማይደርቅ ሰም ማስረጨት። በ2024 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ይፈለጋል። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ውዱን ባትሪያቸውን የሚሸከሙት በሆዳቸው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ባለመኪናው ብቻውን የሚያደርገው ነው። ዓመታዊ ምርመራ አለን፤ ቦሎ ሲለጠፍ ፍሬንና መብራት ይታያል። የዛገ ድጋፍ ብረትም እንደ ተበላሸ ፍሬን ቢቆጠር፣ የጥገና ደረሰኝ ላይ ብየዳው ከኋላ መቀባቱ ቢጻፍ፣ መኪና የሚያስገባው ነጋዴ መኪናው የት እንደኖረ የመናገር ግዴታ ቢኖርበት፣ ወጪው ዛሬ ዝም ብሎ ከሚያልፍባቸው እጆች ላይ ትንሽ ትንሽ ያርፍ ነበር። ካናዳዊውም ስዊድናዊውም ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዚንኩ በእጃቸው ነበረ፤ ሂሳቡን ወደሚመለከተው ሰው ላኩት፣ ዚንኩም ወደ ላሜራው ሄደ።